በስተቀኝ ያለው ኮረብታ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ነበር ለማለት ያስቸግራል። ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ «መስመር» ነበር የሚሏት፤ ወጣቶቹ ደግሞ «እትዬ መስመር»። ካርታ በሚሠራበት በዚያ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ዘንበል ያለ ጠረጴዛ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አልተነሣችም። ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶዎችን በማጉያ መነጽር እያየች፣ ተራራውንና ሸለቆውን በቀጫጭን ቡናማ መስመሮች ወረቀት ላይ ታወርዳለች። እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የምታያይዘው መስመር ከፀጉር የቀጠነች ናት። መስመሮቹ ከተጠጋጉ አቀበት ነው፤ ከተራራቁ ሜዳ ነው። ይህን ሥራ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይሠራውም። መስመር ጠዋት ሻይ የማትጠጣው እጇ እንዳይንቀጠቀጥ ብላ ነው ይባል ነበር። እውነቱ ግን ሻይ ሆዷን ስለሚነፋት ነው።

እሷ የጨረሰችውን ሉህ ማንም ደግሞ አያየውም። «መስመር አይታዋለች?» ይላል አለቃው። «አይታዋለች» ከተባለ አለቀ፣ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። በዚህ ነገር ልቧ በጣም ይሞላ ነበር፤ ባትናገረውም ያስታውቅባታል። ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች፤ «አልተሳሳትኩም» የሚለው ቃል ለእሷ እንደ ቤትና እንደ ትዳር ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ይጎድላት ነበር። የሣለችውን አገር በእግሯ አላየችውም። ወደ መስክ የሚወጡት ቀያሾቹ ናቸው፤ እሷ ደብተራቸውን ነው የምታነበው። ታናሽ እህቷ፣ አዋላጅ ነርስ ናት፣ አፏ የማያርፍ ሴት፣ በዚህ ስትቀልድባት ነው የኖረችው።

«አገሩን በሙሉ በመዳፍሽ ይዘሽ፣ ከቤትሽ ገበያ ስትሄጂ መንገድ ይጠፋሻል!»

ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ወር እህቷ ልትጠይቃት ስትመጣ፣ መስመር ከወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ የጠረጴዛውን ልብስ እጥፋት በጣቷ ትከተላለች። እጥፋቱ ወዴት እንደሚሄድ፣ የት ላይ እንደሚያልቅ። እህቷ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆማ ጥቂት አየቻት።

«እትዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም መሥራትሽንማ አይቻለሁ። ቅዳሜ እረፍት ነኝ። ከሠራሻቸው ወረቀቶች አንዱን ምረጪ፣ እንሄዳለን።»

«የት ነው የምንሄደው?»

«ወረቀቱ ላይ ነዋ!»

መስመር ብዙ አላመነታችም። በሃያ ሰባት ዓመቷ፣ ማንም ሳያግዛት ብቻዋን የጨረሰችው የመጀመሪያ ሉህ ነበረ። በሉሁ መሐል እንደ መንታ ልጆች ትከሻ ለትከሻ የገጠሙ ሁለት ኮረብታዎች አሉ። ከሁለቱ በአንደኛው ጫፍ ላይ ጨረር ያላት ግማሽ ክብ ምልክት አለች። ትርጉሟ «መመልከቻ» ነው፤ እዚህ ቆሞ ቢያዩ አገር ይታያል ማለት ነው። አንድ ቅጂ ከመሳቢያዋ አወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት በእህቷ አሮጌ መኪና ወጡ። መኪናዋ ዳገት ላይ ስታቃስት እህቷ ከመሪው ጎን የመኪናዋን ደረት በእጇ ታሸው ነበር፣ ምጥ ላይ እንዳለች ሴት። «አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ!» ሁለት ሰዓት ያህል ነድተው ከኮረብታው ግርጌ፣ መንገዱ ከሚያልቅበት፣ ከአንድ የውኃ ቧንቧ አጠገብ አቆሙ። ከዚያ በኋላ የእግር መንገድ ነው፤ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ሰው አልነበረም። ነፋሱ ሣሩን ያስተኛውና መልሶ ይለቀዋል፤ የሆነ ወፍ ቁጥቋጦ ውስጥ አንድ ድምፅ እየደጋገመ ይጮኻል።

መስመር ካርታውን አልገለጠችውም። አላስፈለጋትም።

«አሁን ቀጥ ይላል» አለች፣ «ከዚያ ትንሽ ሜዳ አለ። ከሜዳው በኋላ ወደ ግራ ይታጠፋል።»

እንዳለችው ሆነ። ቀጥ አለ፣ ሜዳ መጣ፣ ወደ ግራ ታጠፈ። መስመር ቆም ብላ መሬቱን በጫማዋ ጫፍ መታ መታ አደረገችው። ሠላሳ ሦስት ዓመት በጣት ስፋት የምታውቀው ነገር ከእግሯ ሥር ጠንካራ ሆኖ ተገኘ።

«አንቺ ጠንቋይ ነሽ እንዴ?» አለች እህቷ ቁና ቁና እየተነፈሰች።

«ጥንቆላ አይደለም። መስመሮቹ ሲጠጋጉ አቀበት ነው፣ ሲራራቁ እረፍት።»

«ታዲያ ትንሽ አራርቀሽ ብትስያቸው ምን ነበረበት!»

መስመር ሳቀች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ከድንጋይ የተሠራ አግዳሚ መቀመጫ አገኙ፤ ከፊቱ ጉልበት የምታክል የድንጋይ ካብ ተክባለች። በካቧ ወዲያኛው ጫፍ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው፣ የወደቁ ድንጋዮችን አንድ በአንድ እያነሡ እያገላበጡ መልሰው ይክባሉ። ሁለቱ እህትማማቾች በእጅ ሰላምታ ሰጥተዋቸው ተቀመጡ። ከታች ማሳው በአረንጓዴና በቢጫ ተከፋፍሎ ተዘርግቷል። በምዕራብ በኩል፣ እንደ በር በተከፈተ ክፍተት መሐል፣ ሐይቅ ያበራል።

«ወይ ግሩም!» አለች እህቷ፣ «ሐይቅ አለው እንዴ!»

መስመር ግን አልተደሰተችም። ግንባሯን ቋጠረች።

«ይህ ሐይቅ ከዚህ መታየት የለበትም።»

«ምን አልሽ?»

«አይታይም። ሊታይ አይችልም።»

«እትዬ፣ እያየሁት ነው እኮ።»

መስመር ካርታውን አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። የቆሙበት በስተቀኝ ያለው፣ የምሥራቁ ኮረብታ ነው። በስተግራ ያለው መንትያው በአርባ ሜትር ይበልጠዋል፤ ሐይቁ ደግሞ ከመንትያው ጀርባ ነው ያለው። እዚህ የተቀመጠ ሰው የመንትያውን ትከሻ እንጂ ውኃ ማየት የለበትም። መስመሮቹን በጣቷ አንድ ሁለት ብላ ቆጠረቻቸው። ደግማ ቆጠረች። ያ ሁሉ ነፋስ እየነፈሰ ላብ አጠመቃት። የመጀመሪያዋ ሉህ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት የቆመችበት መሠረት፣ ኮረብታ ያህል ነገር በመሳት ነው እንዴ የተጀመረችው?

ሽማግሌው ድንጋይ መካባቸውን ትተው ያዩዋቸው ነበር።

«ምን ጠፋባችሁ፣ እህቶቼ?»

«ኮረብታ ጠፍቶባታል፣ ጋሼ» አለች አዋላጇ እየሳቀች።

ሽማግሌው አልሳቁም። «ልክ ናት፣ ጠፍቷል» አሉ። ተነሥተው መጡ። ጣቶቻቸው አጫጭርና ወፋፍራም፣ ጥፍራቸው እንደ ቀንድ የደነደነ ነው። ከክፍተቱ ግራና ቀኝ የቆሙትን ነጫጭ ገደሎች አሳዩዋቸው። «ያ ገደል የሚመስላችሁ ገደል አይደለም። የኮረብታው ጎን ነው። መሐሉን እኛ ነን የበላነው። የድንጋይ ካባ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት በድማሚት፣ በመዶሻ፣ በመፍጫ። ያን ጊዜ የተሠራው አውራ መንገድ በሙሉ ከዚያ ኮረብታ የወጣ ነው። እኔም ፈላጭ ነበርኩ።»

መስመር ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን ለቀቀችው። መስመሮቿ ልክ ነበሩ። ኮረብታው ነው የሄደው እንጂ እሷ አልሳተችም። ደስታዋ እንዲያው ሕፃን የሚያስመስል ነበር፤ እህቷን ክንዷን ጭብጥ አደረገቻት።

ሽማግሌው ወደ ገደሎቹ እያዩ ቀጠሉ። «ቤቴም እዚያ ነበር። አባቴም፣ አያቴም። ሰባት አባወራ ነበርን። ተነሡ ተባልን፣ ተነሣን። ወደዚህኛው ግርጌ መጣን። ሌላ ሥራ አልነበረም፣ ካባው ቀጠረን። እንግዲህ አስቡት፣ የገዛ ጓሮዬን በመዶሻ እየፈለጥኩ መኪና ላይ ስጭን።»

«ሁለት ኮረብታ ጎን ለጎን እያለ» አለች እህቷ፣ «ምነው የሰው ቤት ያለበትን መረጡ?»

«ሁለቱም ላይ ቤት ነበረ። የመረጡት በካርታ ነው። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። የመንገዱ መሐንዲሶች የመኪናቸው አፍንጫ ላይ ካርታ ዘረጉና አንደኛው እንዲህ አለ፤ ‹ይሄኛው መመልከቻ ተብሎ ምልክት ተደርጎበታል፣ አይነካም። ያኛውን ውሰዱ።› እኛም ገረመን። ከዚህ ምን ይታያል? ያን ጊዜ ከዚህ የሚታየው የእኛ ፍየል ብቻ ነበር። ሐይቁን ማየት የፈለገ ሰው ወደ እኛ ነበር የሚመጣው።»

መስመር የጨበጠችውን የእህቷን ክንድ ለቀቀችው።

የቀያሹ ደብተር ትዝ አላት። የመጀመሪያ ሥራዋ ስለነበረ ቃል በቃል ታስታውሰዋለች፤ የቀያሹ ጽሕፈት ወደ ግራ የተጋደመ ነበር። «ከሁለቱ መንታ ኮረብቶች በስተቀኝ ባለው ጫፍ ላይ ጥሩ መመልከቻ አለ። ሐይቁ ሙሉውን ይታያል።» በስተቀኝ። እሷም ወረቀቱ ላይ በስተቀኝ ባለው ላይ አደረገችው። ቀያሹ ግን፣ ደብተሩ ራሱ እንደሚለው፣ ከሰሜን ነበር የመጣው። ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ፣ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ነው የጻፈው። የእሱ ቀኝ ምዕራብ ነው፤ በወረቀቷ ላይ ግራ ነው። ፊት ለፊቷ የቆመን ሰው ቀኝ ከራሷ ቀኝ ጋር አምታታችው። እንዲህ ያለ ስሕተት እንኳን እሷ፣ ፀጉር የሚያስተካክል ሰውም አይሳሳተውም። መስመሮቹን ቆጥራ ሐይቁ ከየትኛው እንደሚታይ ብታጣራ በደቂቃ ይገለጥላት ነበር። አላጣራችም። ዓርብ ነበር፣ ሉሁ ለሰኞ ይፈለግ ነበር፣ ምልክቷ ደግሞ ትንሽ ነበረች።

ፊቷ አመድ መሰለ። እህቷ ስንት ሴት ያየች አዋላጅ ናትና ነገሩ ወዲያው ገባት። ጎንበስ ብላ በጆሮዋ፣ «ዝም በይ» አለቻት፣ «ሠላሳ ሦስት ዓመት ያለፈው ነገር ነው። ሆድ ይፍጀው።»

መስመርም ዝም ልትል ፈልጋ ነበር። ሽማግሌው ወደ ድንጋይ ካቡ ተመልሰው አንድ ድንጋይ አንሥተው ያገላብጡ ጀመር፤ የትኛው ጎኑ እንደሚገጥም እየፈለጉ። ድንጋዩን ሦስት ጊዜ አስቀምጠው ሦስት ጊዜ አነሡት። አልገጠመም። በአራተኛው ገጠመ። ይህን ስታይ ዝም ማለት አቃታት።

«ጋሼ» አለች፣ «ያችን ምልክት ያደረግኋት እኔ ነኝ።»

«የቷን ምልክት?»

«ካርታው ላይ ያለችውን። መሆን የነበረባት እናንተ ኮረብታ ላይ ነው። ቀኝና ግራ ተሳስቼ እዚህ አደረግኋት።»

ሽማግሌው ያልሰሙ መሰሉ። ከዚያ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው መጡና፣ ካርታውን ከጭኗ ላይ ሳያነሡ፣ ጎንበስ ብለው አዩት።

«የቷ ናት?»

አሳየቻቸው።

«ይቺ? ትንኝ የምታህለው?»

«እሷ።»

እህቷ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ያቺ ወፍ ከታች ትጮኻለች።

«ቤቴስ አለ እዚህ?» አሉ በመጨረሻ።

መስመር ብዙ አልፈለገችም። ከምዕራቡ ኮረብታ ወገብ ላይ ሰባት ጥቋቁር ነጥቦች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ አራት ማዕዘኖች። «ከሰባቱ የእርስዎ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀች። ሽማግሌው በደነደነው ጥፍራቸው ከሁሉም በላይ ያለችውን ነኩ። አውራ ጣታቸው ሲያርፍ ሰባቱንም ሸፈናቸው፤ አንሥተው እንደገና አዩ።

«ከደጃፌ ትልቅ ዛፍ ነበረ። የታለ?»

«እያንዳንዱን ዛፍ አንስልም፣ ጋሼ።»

«አሃ።» ይህ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ያሳዘናቸው ይመስል ነበር። «እንግዲህ ምልክቷን በትክክል ቢያደርጓት ኖሮ የሚቆፈረው ይሄኛው ነበር ማለት ነው።»

«አዎ።»

«እዚህ ሥር ያን ጊዜ የሚስቴ ወንድም ነበር የሚኖረው። አሁንም አለ። ልጆቹን እዚሁ ዳረ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወይ እኔ፣ ወይ እሱ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች መስመር።

«አልዋሽዎትም፣ ከፍቶኛል» አሉ። «መንግሥት ነው ስል፣ ዕድሌ ነው ስል ነው የኖርኩት። የአንዲት ሴት ቀኝ እጅ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ዛሬ ከፍቶኛል። ነገ እንዴት እንደምሆን አላውቅም።»

ካርታውን ሰጠቻቸው። ጠርዙ ላይ ስልክ ቁጥሯን ጻፈችበት፤ እጇ ሲንቀጠቀጥ እህቷ ያየችው ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌው ካርታውን ባልታጠፈበት በኩል አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት፣ ወደ ድንጋይ ካቡም ተመለሱ። እህትማማቾቹ ሲወርዱ አንድ ቃል አልተነጋገሩም፤ ያቺ አፏ የማያርፍ እንኳ።

ከዚያ በኋላ መስመር ሦስት ሳምንት ከቤት አልወጣችም። እህቷ ስትደውል «ደህና ነኝ» ትላለች፤ ስትመጣ ደግሞ ምግቡ እንዳለ ሳይነካ ታገኘዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈች። አጭር ነበር፤ የሉሁ ቁጥር፣ ስሕተቱ፣ የስሕተቱ ምክንያት፣ ፊርማ። በሦስተኛው ሳምንት አሁን ክፍሉን የምትመራው ሴት ደወለች። ከዓመታት በፊት ብዕር አያያዝ ያስተማረቻት ልጅ ናት።

«እትዬ መስመር፣ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሦስቴ ነው ያነበብኩት።»

«ታዲያ አርሚዋ።»

«ማረሙን አርማለሁ። ግን ምልክቷን ወዴት ልውሰዳት? ትክክለኛው ቦታ እኮ አሁን አየር ላይ ነው።»

መስመር ይህን አላሰበችውም ነበር።

«ሐይቁ አሁን ከየት ነው የሚታየው?» አለች ልጅቱ።

«ምልክቷ ካለችበት።»

«እንግዲያው?»

«እንግዲያው ምልክቷን ተያት። ካባውን ግን ሳዪው። ጠርዙን አታለስልሺው፤ እንደተቆረጠ አድርገሽ ሳዪው።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ተነሥታ ሻይ አፈላች፣ ሆዷን እንደሚነፋት እያወቀች።

ሽማግሌው የደወሉት ከዚያ በኋላ በነበረው ሐሙስ ነው። መጀመሪያ ላይ ማን እንደሆኑ አልለየቻቸውም፤ ስልክ ላይ ይጮኻሉ፣ ከኮረብታው ጫፍ የሚጣሩ ይመስላል።

«ያቺን ወረቀት ልጆቼን ሰብስቤ አሳየኋቸው! ቤታችን ካርታ ላይ እንዳለ አያውቁም ነበር። አባባ እየዋሸ ነው ይሉኝ ነበር እኮ፣ ያ ገደል ላይ ቤት ነበረኝ ስላቸው! የተቀሩትም ስድስቱ እየመጡ የየራሳቸውን ነጥብ ሲያዩ ከረሙ። አንዷ አልቅሳለች።»

«ጋሼ፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«እኔማ» አሉ፣ ድምፃቸው ወረደ። «አንዳንድ ቀን ይከፋኛል፣ አንዳንድ ቀን ይተወኛል። ደግሞ አንድ ስሕተት አግኝቼብዎታለሁ።»

መስመር ፈጥና ጠየቀች፤ «ምን አገኙ?»

«ጅረቱን። ከቤቴ በታች ነው ያደረጉት። ከቤቴ በላይ ነበር።»

ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ጅረት ከቤት በላይ፣ በዚያ ተዳፋት ላይ? መስመሮቹ እንዲያ አይሉም። ውኃ ሽቅብ አይሄድም። አፏን ልትከፍት ስትል ከስልኩ ወዲያ ማዶ ሳቅ ተሰማ፤ እንደ ጠጠር የሚንኮሻኮሽ፣ በሳል የሚቆራረጥ ሳቅ።

«ደነገጡ እንዴ? ከበታች ነበር፣ ከበታች ነበር! ይሄን ያህልማ ላስደነግጥዎ ይገባል፤ አይገባም?»

«ይገባል» አለች መስመር። እንባዋና ሳቋ አንድ ላይ መጣ።

ከዚያ ወዲያ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ትሄዳለች። አንዳንዴ በእህቷ መኪና፣ አንዳንዴ በአውቶቡስ። ሽማግሌው ካብ ይክባሉ፣ እሷ ድንጋይ ታቀብላለች። ብዙ አያወሩም። አልፎ አልፎ ከከተማ የመጡ ሰዎች ወጥተው በክፍተቱ ሐይቁን አይተው «ምንኛ ያምራል!» ይላሉ፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት፣ «ክፍተቱን እግዜር ራሱ የቀደደው ነው የሚመስለው» ስትል ሽማግሌው ቀና ብለው፣ «እግዜርማ አሥራ አንድ ዓመት አይፈጅበትም ነበር» አሏት።

በመስመር ሆድ ግን አንድ ጥያቄ ቀረ። በክረምቱ መግቢያ፣ እህቷ ቤት ምሳ በልተው ሲያበቁ አወጣችው።

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ ምን?»

«ሉሆቹ። አንዱ እንዲህ ከሆነ ሌሎቹስ? ሄጄ ማየት አለብኝ።»

«ስንት ናቸው?»

«መቶ አርባ ሁለት።»

እህቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ወይ ጉዴ! መኪናዬ አትችልም። እኔም አልችልም። አንቺም እስከዚያ አትቆዪም!»

«የቻልነውን ያህል።»

እህቷ እየተቆጣች፣ እየተነጫነጨች፣ በሚቀጥለው እረፍቷ የመኪናዋን ቁልፍ አነሣች። መስመር ከመጀመሪያው ቀጥላ የሠራችው ሉህ በስተደቡብ ያለ ቆላ ነበር፤ ወንዝ፣ አንድ የእንጨት ድልድይ፣ አንድ ትምህርት ቤት። ጠዋት ወጥተው እኩለ ቀን ላይ ወንዙ ዳር ደረሱ። መስመር በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ፣ ካርታውን ጭኗ ላይ ይዛ፣ ከአንዱ መታጠፊያ እስከሚቀጥለው ትቆጥር ነበር።

«አሁን በግራ» አለች፣ ከዚያ ፈጠን ብላ፣ «በእኔ ግራ። ወደ ፊት እያየሽ ነው፣ አይደል?»

«ወደ ኋላ እያየሁ ልነዳ ኖሯል?»

መታጠፊያውን ዞሩ። ድልድዩ ቦታው ላይ ነበር።